የነቀልኳቸው አራት ጥርሶች

ለንስሐ አባቴ ሌላውን ሁሉ ተናግሬያለሁ። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ በጉርምስናዬ የሠራሁትን ሁሉ ሳልደብቅ ነግሬያቸዋለሁ። ይህችን አንዷን ግን አፌ ላይ በደረሰች ቁጥር እየዋጥኳት ይኸው ሸበትኩ። ባለቤቴ አታውቃትም። ልጆቼም አያውቋትም። ያከምኳቸውና መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከመቀመጫቸው የሚነሡልኝ ሰዎችም አያውቋትም። አሁን ፊታችሁን ለማላያችሁ ለእናንተ ልናገራት ነው። ፊታችሁን ባለማየቴ ትንሽ ሳይቀልለኝ አይቀርም፤ ያም ቢሆን ከፍርሃት ነው።

አየለ እባላለሁ። መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ጥርስ እነቅላለሁ። ድሬሰር ብሎ የሚጠራኝ ግን አልነበረም። ለሰዉ ሁሉ "ሐኪም አየለ" ነበርኩ። ከእኔ በላይ ያለ ሐኪም የፈለገ ሰው ያን ኮረኮንች መንገድ ይዞ ደሴ ድረስ መሄድ ነበረበት። ስለዚህ ከእኔ በላይ ሐኪም የለም ማለት ነው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ለጥርስ አንድ መልስ ብቻ ነበረኝ፤ እሷም ጉጠቷ ናት። ድዴ ይደማል ያለኝንም፣ አፌ ይሸታል ያለኝንም፣ ጥርሴ ተነቃነቀብኝ ያለኝንም "ክፈት" እለውና እነቅልለታለሁ። ጥርሱን መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት መርቆኝ ይሄዳል። "እጁ ቀላል ነው" ይሉኝ ነበር፤ ከአጅባር ድረስ ስሜን ሰምተው የሚመጡ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዓመት መዳን ይችል የነበረ ስንት ጥርስ ነቅዬ ይሆን? አላውቅም። ያን ያደረግሁት ግን ባለማወቅ ነው። ልናገረው የመጣሁት እያወቅሁ የነቀልኩትን ነው።

ዝናቡ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ከቆላው የወጣው ሕዝብ ከከተማው ዳር፣ በባሕር ዛፍ አጣናና በቆርቆሮ በተሠራ መጠለያ ውስጥ ሰፍሯል። ከደሴ እህል ጭኖ በመጣ መኪና ላይ አንዲት ነርስ መጣች። ሲስተር እታገኝ ትባላለች። ከሾፌሩ ጎን ወርዳ አቧራዋን አራገፈችና ማረፊያዋን እንኳ ሳትጠይቅ "በሽተኞቹ የት ናቸው?" አለችኝ። ቀጭን፣ ጠይም፣ ድምፀ ዝቅተኛ ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ከእኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም።

በሦስተኛው ቀን መጠለያው ውስጥ አንዲት እናት ድዷ አብጦ፣ ወይን ጠጅ መስሎ፣ በነካችው ቁጥር እየደማ አገኘናት። እኔ ወዲያው ጉጠቴን ከሣጥኑ አወጣሁ።

"ቆይ አየለ" አለችኝ። "ምኗን ልትነቅል ነው?"

"አታዪም እንዴ? ጥርሶቿ ሁሉ እየተነቃነቁ ነው።"

ሲስተር ሴትዮዋን አስፈቅዳ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ገለጠች። እግሯ ላይ ማንም ሳይመታት የበለዘ ቦታ በየቦታው ነበር። ድሮ የዳነ ቁስሏም እንደገና አፉን ከፍቷል። "ይቺ ሴት ወራት ሙሉ ቅጠል የሚባል አልቀመሰችም" አለችኝ። "የቀመሰችው የእርዳታ ስንዴ ብቻ ነው። ድዷ የሚደማው ለዚህ ነው።" የቪታሚን ክኒን ሰጠቻት፤ ከቆላ ሎሚ አስመጥታ አስመጠጠቻት፤ ከወንዙ ዳር ጎመንና ሳማ እያስለቀመች ከስንዴው ጋር አስቀቀለችላት። በሁለት ሳምንቱ ደሙ ቆመ፤ በወሩ ጥርሶቿ ጠንክረው ቆሎ ቆረጠመች። ሴትዮዋ ላገኘችው ሁሉ እየሳቀች "ሐኪም አየለማ አፌን ባዶ ሊያስቀረው ነበር!" ትል ጀመር። ሰዉም አብሯት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሳቄ ውስጥ ግን አንድ ነገር ሲቋጠር ተሰማኝ።

ሌላም የድድ በሽታ ነበር፤ ከረሃቡ በፊትም የነበረ፤ እኔ በየቀኑ እያየሁት የማላውቀው። ሲስተር ደሴ ሳለች ከአንድ የጥርስ ሐኪም ጋር ሁለት ዓመት ሠርታ ስለነበር ጫፋቸው የቆለመመ ቀጫጭን ብረቶች በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጥታለች። አንዱን ገበሬ ወንበር ላይ አስቀምጣ ድዱን በጣቷ ጫን ስትለው ከጥርሱ ሥር መግል ወጣ።

"ጥርስህ ደህና ነው" አለችው። "የታመመው ጥርሱ የቆመበት ነው። አየኸው ከጥርስህ ሥር ያወጣሁትን ይሄን ቢጫ ድንጋይ? የምግብ ቆሻሻ ነው፤ ሳይጸዳ ሲኖር ጋግሮ ጠነከረ። ድዱ ከእሱ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ጥርሱ ይላላል። እኔ ድንጋዩን ላንሣልህ፤ አንተ በየቀኑ አጽዳ። ያኔ ድድህ ይጠብቃል።"

"በቢላ ትቀጅዋለሽ እንዴ?" አላት ሰውዬው ፈርቶ።

"በቢላ የሚሠራም አለ፤ በትልቅ ሆስፒታል። ብዙው ሰው ግን ያለ ቢላ ይድናል፤ ትዕግሥት ካለው።"

በአንድ ቀን አትጨርሰውም። ዛሬ የታቹን፣ በሳምንቱ የላዩን፣ እንደገና በሳምንቱ የጎኑን፣ ከድዱ በታች ገብታ ቀስ እያለች ትፍቀዋለች። ከዚያ ለብ ባለ ጨው ውኃ ያጉመጠምጣሉ። የወይራ መፋቂያ ሁሉም አለው፤ ግን ሁሉም የፊቱን ብቻ ነበር የሚፍቀው። እሷ የመፋቂያውን ጫፍ አኝካ እንደ ብሩሽ አፍታታ፣ ከድዱ ወደ ጥርሱ፣ የውስጡንም የውጪውንም፣ እየዞረች ታሳያቸዋለች። በየሳምንቱ ስትጠራቸው አፋቸውን ታይና ያላጸዳውን እንደ ልጅ ትቆጣዋለች። ሽማግሌ ሳይቀር ይፈራታል። ወድዷትም ይፈራታል።

ይህን ሳይ ምን ማለት ነበረብኝ? "አስተምሪኝ" ማለት ነበረብኝ። እሷማ ሳልጠይቃት ታስተምረኝ ነበር፤ ብረቱን በእጄ አስይዛ፣ "ወደ ውጭ ሳብ እንጂ ወደ ውስጥ አትግፋ" እያለች። እኔ ግን እጄ ብረቱ ላይ፣ ዓይኔ ደጃፏ ላይ ነበር። የእኔ በር ላይ ይሰለፍ የነበረው ሰው የእሷ በር ላይ ሲሰለፍ እቆጥር ነበር። ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም። ሲመርቋት ቀናሁ፤ ሲስቁላት ቀናሁ፤ ደክሟት ግድግዳ ተደግፋ ስትቀመጥ እንኳ በድካሟ ቀናሁባት፤ ለእኔ እንደዚያ የሚያደክም የሰው ፍቅር ቀርቶብኛልና።

ቢሆንም ያ ሁሉ ቅናት ብቻውን ለክፋት አያበቃኝም ነበር። የኔታ ባይመጡ።

የኔታ ጥበቡ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ባለ ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። ልጅ ሳለሁ አምስት ዓመት ከእግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ። ድምፄን ይወዱት ነበር። ሲያስተምሩኝ "ልጄ" ይሉኛል፤ ያ ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ አባት ለሌለኝ ለእኔ ምን እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልቤን ወሰደውና ትቻቸው ወጣሁ። ልሰናበታቸው ስሄድ አልተቆጡም። "ድምፅህን ይዘህብኝ ሄድክ" ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ እግዜር ይመስገን እንባባላለን እንጂ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። "ሐኪሙ" ነበርኩ። ስለ ጥርሳቸውም አንድ ቀን ወደ እኔ አልመጡም። "ያንተ ጉጠት ለበሬ ነው" ብለው ቀልደው እንዳለፉኝ አስታውሳለሁ።

ወደ እሷ ግን መጡ። በበቅሎ ሳይሆን በእግራቸው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው መጡ። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ አፋቸው በደም ይሞላል፤ ከደቀ መዛሙርቱ አብዛኞቹ በረሃቡ ተበትነው ሦስት ዲያቆናት ብቻ ቀርተዋቸዋል፤ እነሱንም ማስተማር አልቻሉም። የእኔን በር አልፈው ገቡ። በመካከላችን ያለው የጣውላ ግድግዳ ስለሆነ የሚነጋገሩት ሁሉ ይሰማኛል።

"የኔታ፣ ከላይ የፊት አራቱና ከታች ሁለቱ ላልተዋል" ስትላቸው ሰማሁ። "የታቾቹን ቃል አልገባልዎትም። የላዮቹን ግን ልሞክር።"

"የላዮቹን አትርፊልኝ" አሏት። "ለመብላቱ ግድ የለኝም። ፊደሉ የሚመታው እዚያ ላይ ነው። እነዚያ ከሄዱ 'ሰ'ም 'ዘ'ም 'ፈ'ም አብረው ሄዱ፤ እኔስ ምን ይዤ አስተምራለሁ?"

ስለ ጨው ውኃው ተጨነቁ። ሳላስበው ብውጠው ቅዳሴ እንዴት እገባለሁ አሏት። እሷም አልሳቀችባቸውም። "ከቅዳሴ ወጥተው ያድርጉት፤ በጾምም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ" አለቻቸው። መፋቂያውን ስታሳያቸው፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው መምህር እንደ ተማሪ እየደገሙ ሲለማመዱ ሰማኋቸው። ሊወጡ ሲሉ "ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ" አሏት።

ልጄ! በመጀመሪያው ቀን! ሰማችሁ? እኔ ያን ቃል መልሼ ለመስማት አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቄያለሁ። ከግድግዳው ወዲህ ቆሜ፣ የቁስል ማሰሪያ በእጄ ይዤ፣ ፊቴ ሲግል ይሰማኝ ነበር።

በየሳምንቱ ሐሙስ መጡ። ከራሳቸው ራሽን የተቆላ ስንዴ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡላታል። ከታቾቹ አንደኛው በራሱ ወለቀ። የላዮቹ ግን ሳምንት በሳምንት እየጠበቁ ሄዱ። ቀይና ያበጠ የነበረው ድድ ፈዘዝ ብሎ ተሰበሰበ፤ ስትነካው መድማት ተወ። ሲስተር ጠርታ አሳይታኛለች። "አየህ አየለ፣ ድዱ ይጠብቃል ያልኩት ይሄን ነው" አለችኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "ጎሽ" አልኳት። የገዛ ድምፄን እኔ ራሴ አላመንኩትም።

ንጉሡ ከዙፋናቸው በወረዱ በሁለተኛው ሳምንት ደመራ ነበር። ሰዉ መጪው ምን ይሁን እያለ በፍርሃትም በተስፋም ወጥቷል። የኔታ መሐል ቆመው ድምፃቸውን አወጡት። ዓመት ሙሉ ያልተሰማ ድምፅ ነበር። ያ ልጅ ሳለሁ የማውቀው ድምፅ፣ እያንዳንዱ ፊደል ጠርቶ፣ ከመስኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ። አጠገቤ የነበረች ሴት በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ "የዚያች የነርሷ እጇ አይንቀጥቀጥ፣ አቦ" አለች። ያኔ እኔ ምን ተመኘሁ መሰላችሁ? ያ ድምፅ ዝም እንዲል ተመኘሁ። ፈጣሪ ያሳያችሁ፣ የወደድኩት ድምፅ፣ ዝም እንዲልልኝ ተመኘሁ።

ኅዳር ላይ ሲስተርን ለሦስት ሳምንት ስብሰባ ደሴ ጠሯት። ከመሄዷ በፊት የበሽተኞቿን ካርድ አንድ በአንድ አስረከበችኝ። የኔታ ካርድ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

"የላዮቹ አንድ ዙር ይቀራቸዋል፤ ስመለስ እጨርሰዋለሁ። በመሐል ሊያብጥ ይችላል። ካበጠ አትደንግጥ፤ እንዳትነቅል። መግሉ በድዱ ጠርዝ እንዲወጣ አድርግ፣ በጨው ውኃ አሳጥብ፣ ፔኒሲሊን ውጋ። እኔ እስክመጣ ይቆይልኛል።"

"እሺ" አልኳት።

"አምንሃለሁ። ጥሩ እጅ አለህ፤ የጎደለህ ትዕግሥት ብቻ ነው።"

ይህን ያለችኝ ልታመሰግነኝ ነበር። እኔ የሰማሁት ስድብ ነው።

በሄደች በዘጠነኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ የኔታ መጡ። የላይ ከንፈራቸው በአንድ በኩል አብጧል። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ አየኋቸው። ያበጠው የአንዱ ጥርስ ሥር ብቻ ነው፤ የሦስቱ ድድ ጤነኛ፣ ጥብቅ ያለ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጨውም ነበር። ፔኒሲሊኑም ነበር። አለማወቅ የሚባል ሰበብ አልነበረኝም።

"ምን ብላ ሄደች?" አሉኝ።

አፌን ስከፍት እውነቱን ልናገር ነው ብዬ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ካበጠ ተስፋ የለውም፤ አራቱም ይነቀሉ ብላ ነው የሄደችው።"

መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "እሷ ራሷ አለች?"

"እሷ ራሷ።"

"እንግዲህ እሷ ካለች ይሁን" አሉና ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው አፋቸውን ከፈቱ። እኔን አምነው አይደለም፤ እሷን አምነው ነው። ያም አቃጠለኝ። ልክ እሳቸውን ልጎዳ በተነሣሁበት ሰዓት እንኳ ቀናሁ።

ማደንዘዣ ወጋኋቸው። ይህን ደግነት እንዳትሉት፤ የወጋሁት ጮኸው ሰው እንዳይሰማ ነው። ጉጠቱን ሳነሣ አምልጦኝ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። እሳቸው አዩትና "አብሽር" አሉኝ። እኔን ነው የሚያጽናኑኝ!

ያበጠው ጥርስ ቶሎ ወጣ። ሁለተኛውን ጨብጬ ስስበው እምቢ አለኝ። ብዙ ሺህ ጥርስ የነቀለ እጅ የላላና የጠበቀ ጥርስ ይለያል። ያ ጥርስ ጠብቆ ነበር። ድኖ ነበር። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። "የኔታ፣ አንዱ በቂ ነው" ብል ማን ይጠይቀኝ ነበር? ማንም። ለምን አላቆምኩም? ብዙ ዘመን ራሴን ጠይቄያለሁ፤ ከጀመርኩ በኋላ ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ላታልል ሞክሬያለሁ። አይደለም። ጥርሱ እምቢ ሲለኝ የእሷ ሥራ እምቢ ያለኝ መሰለኝ። ስለዚህ አጥብቄ ያዝኩና ነቀልኩት። ሦስተኛውን ነቀልኩ። አራተኛውን ነቀልኩ። ላብ ከግንባሬ እየወረደ፣ ጉልበቴን ሁሉ ተጠቅሜ ነቀልኩ።

ጥጥ አስነከስኳቸውና አፋቸውን ጠረግሁላቸው። የኔታ ሲነሡ ትከሻዬን ያዙና፣ በዚያ በደነዘዘና ባዶ በሆነ አፋቸው፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

ያንን ቃል ያገኘሁት እንዲህ አድርጌ ነው።

ሲስተር ስትመለስ ሁለተኛውን ውሸት ተዘጋጅቼ ጠበቅኋት። "አብጦ፣ መግሉ ወደ ሁሉም አልፎ፣ ጥርሶቹ በጣት የሚወጡ ሆነው ነው የመጡት። ራሳቸው ንቀልልኝ ብለው ለመኑኝ" አልኳት።

"ጥርሶቹን አሳየኝ" አለችኝ።

"ጣልኳቸው።"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ከእኔ ጋር አልተጣላችም፤ ብትጣላኝ ይሻለኝ ነበር። "ሳልጨርስ ነው የሄድኩት" አለች ለራሷ። "ወይም ከመጀመሪያው አልጠበቁም ነበር፤ እኔ ስለፈለግሁ ነው የጠበቁ የመሰሉኝ።" በማግስቱ በእግሯ ደብሩ ድረስ ሄደች። የኔታ በአክብሮት ተቀበሏት፤ ወንበር ሰጧት፤ ስለ ጥርሳቸው ግን አንዲት ቃል አላነሡባትም። እሳቸው የመሰላቸው ንቀሉ ያለች እሷ ናት፤ ታዲያ ምን ይጠይቋታል? እሷ የመሰላት ዝም ያሉት ባለማዳኗ ተቀይመው ነው፤ ታዲያ ምን ብላ ታስረዳለች? ሁለቱም ጨዋ ስለነበሩ አልተጠያየቁም። የእኔ ሁለት ውሸቶች በመካከላቸው ተቀምጠው ኖሩ። እኔ በሁለቱ ሰዎች ጨዋነት ተጠቀምኩ።

ከዚያ በኋላ ሲስተር እጇን ፈራች። በጣም የላላ ጥርስ ያለው ሰው ሲመጣ አገላብጣ ታየውና "ወደ አየለ ሂድ" ትለዋለች። ሰልፉ ተመልሶ ወደ እኔ በር መጣ። የተመኘሁት ይኸው ነበር፤ አገኘሁት። ደስ አለኝ ወይ? ለአንድ ሳምንት ያህል አዎ፣ ደስ ብሎኛል። አልዋሻችሁም። ከዚያ በኋላ ወንበሬ ላይ የሚቀመጠውን እያንዳንዱን ሰው፣ ይሄን እሷ ታድነው ነበር እያልኩ ነቀልኩ።

የኔታ አፋቸው ተለወጠ። "ሰ"ን ሲሉ ያፏጫል፤ "ፈ" ትንፋሽ ብቻ ሆነች። ከዲያቆናቱ አንዱ ፊደሉን እንደ እሳቸው እያፏጨ ሲለው ሰምተው ትምህርቱን አቆሙ ተባለ። "ስሕተት ከማስተምር ዝም ልበል" አሉ። ዲያቆናቱን በወንድማቸው ልጅ በኩል ደጎሎ አካባቢ ወዳለ ሌላ መምህር ላኳቸው። በዚያው ዓመት የደብሩ መሬት ለገበሬው ተከፋፈለ፤ የኔታም ከእህታቸው ቤት ተጠጉ። ሰዉ ዜማ ቤቱን የዘጋው አብዮቱ ነው ይላል። እኔም እንደዚያ ሲሉ ራሴን ነቅንቄ አውቃለሁ።

ሲስተር ሁለት ዓመት ቆይታ ተዛወረች። የሄደች ቀን ያንን የብረት ጥቅል ሰጠችኝ። "እኔ ወደ ወሊድ ክፍል ነው የምሄደው፤ ከእንግዲህ አልነካውም። አንተ ተጠቀምበት" አለችኝ። ተቀበልኳት። እና ተጠቀምኩበት፤ ዕድሜ ልኬን። የተማርኩትን ሁሉ፣ የደማውን ድድ ለይቶ ማየት፣ መግሉን መፈለግ፣ ከድዱ ሥር ቀስ ብሎ መፋቅ፣ በየሳምንቱ መጥራት፣ መፋቂያውን ማሳየት፣ ሁሉንም ከእሷ እንዳልተማርኩት አድርጌ ሠራሁበት። ብዙ ሰው ጥርሱ ተረፈለት። "ሐኪም አየለ ከመንቀል ማዳንን ይመርጣል" ተባለልኝ። ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቁኝ "ልምድ ነው" እል ነበር።

የኔታን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ታመው ተኝተዋል ሲሉኝ መድኃኒት ይዤ ሄድኩ። ደካክመው፣ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ መደቡ ላይ ተጋድመው ነበር። እህታቸው ወደ ውጭ ስትወጣ እጄን ያዙኝ።

"ያቺ ነርስ በሕይወት አለች?" አሉኝ።

"አለች የኔታ። ደሴ ናት።"

"ብዙ ዘመን ተቀይሜባታለሁ" አሉኝ፣ ፊደሉ እየተሰበረባቸው። "አድንዎታለሁ ብላ አስተማመነችኝና፣ እኔ ፊት መናገር ፈርታ፣ ንቀሉበት ብላ ሄደች ብዬ። አፌ ዝም ብሎ ሆዴ አዝኖባት ነው የኖርኩት። አሁን ስሞት ከበደኝ። እሷ የምትችለውን አድርጋ ነበር። ስታገኛት ይቅር በይኝ ብለውሻል በልልኝ። ትነግርልኛለህ?"

ያኔ ነበር ሰዓቱ። በቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እጄ በእጃቸው ውስጥ ነበር። ንጹሕ ሰው ባልሠሩት ኃጢአት ይቅርታ ሲለምኑ፣ ሠሪው አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። "የኔታ፣ እኔ ነኝ" ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል። ምን ሊያደርጉኝ ይችሉ ነበር? ቢረግሙኝ እንኳ በእውነት ላይ ቆመው ይሞቱ ነበር።

"እነግርልዎታለሁ" አልኳቸው።

መረቁኝ። በሦስተኛው ቀን አረፉ። እኔም የተላክሁትን አላደረስኩም፤ መልእክቱን ከተናገርኩ የኔታ ለምን እንደተቀየሙ ትጠይቀኛለችና። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ገደልኩ ብል ማጋነን ይሆን? አንድ ጊዜ ድምፃቸውን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የመጨረሻ ቃላቸውን።

ቅናት ነው ብዬ ለማምለጥ አልፈልግም። ቅናት ማንንም ሰው ይይዘዋል፤ ጉጠት ያነሣሁት ግን እኔ ነኝ። ረሃቡም ዘመኑም አይደለም ያደረገው። በዚያ ረሃብና በዚያ ግርግር ውስጥ ነው እሷ ሰው ስታድን የኖረችው፤ ዘመናችን አንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ያዳንኳቸውንም ሰዎች ለካሣ አልቆጥራቸውም። ያዳነቻቸው እሷ ናት፤ እጁ ብቻ የእኔ ነው።

ሲስተር እታገኝ ዛሬም በሕይወት መኖሯን፣ ደሴ ከልጅ ልጆቿ ጋር እንደምትኖር በቅርቡ ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜ አውቶቡስ መሳፈሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። እግሬ የማይወስደኝ ከሆነ ወረቀቱ ይሂድ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ስለዚህ የመጨረሻውን ለእናንተ ሳይሆን ለእሷ እላለሁ፤ እናንተ ምስክር ሁኑኝ።

ሲስተር፣ የኔታ ጥበቡ ይቅር በይኝ ብለውሻል። በአንቺ ያዘኑት እኔ ስለዋሸኋቸው ነው። ስለ ራሴ ይቅርታ አልለምንሽም፤ ያ የአንቺ ነው፣ ብትሰጪም ባትሰጪም። አንድ ነገር ብቻ እንድታውቂ እፈልጋለሁ፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ስለሌለ። ያበጠው አንድ ጥርስ ብቻ ነበር። ሦስቱ ጠብቀው ነበር። እንደዚያ የጠበቀ ጥርስ ነቅዬ አላውቅም። አንቺ አድነሻቸው ነበር።